ቀድሞ የተነበበ፣ ዘግይቶ የተነበበ

በቤተሰባችን እናታችንን ማን እንደገደላት የታወቀ ነው። እኔ ነኝ። ማስረጃውም ከትንሿ ጣቴ እምብዛም የማትበልጥ ነጭ ፕላስቲክ ናት። ከተዝካሯ ወዲህ አፌን ይዤ ኖሬያለሁ፤ ዘመዶቼም ዝምታዬን እንደ እምነት ቃል ቆጠሩት።

ኮሮና በመጣ በሁለተኛው ዓመት ግድም ነው። እናቴ ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለው አገራችን እግሯ አልታዘዝ ብሏት አልጋ ላይ ውላ ነበር። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ከፍኖተ ሰላም በሚኒባስ ቡሬ እወርዳለሁ፤ ከዚያ በባጃጅ፣ መንገዱ ሲጨቀይ ደግሞ በእግሬ። አጥባት፣ ጸጉሯን አበጥርላት ነበር። ይህን ከወንድሜ በስተቀር የማያውቅ ዘመድ የለም። ወንድሜ ባሕር ዳር ቢሮ ያለው ሰው ነው፤ ለዓመት በዓል ይመጣል፤ ሲመጣ ቤቱ ሁሉ ይነሳለታል። ልጆች ሳለን ጥጃውን ለቆ ላሟን ያስጠባው እሱ ነበር፤ የተገረፍኩት እኔ። እሱ «እኔ አይደለሁም» ለማለት ፈጣን ነው፤ እኔ ለማሰብ ጊዜ እፈልጋለሁ።

አንድ ቅዳሜ ስደርስ መኪናው ከአጥሩ ጥግ ቆሟል። እሱ ጭምብሉን አገጩ ላይ አድርጎ በራፉ ላይ ይስላል።

«እታለም፣ እዚያው ቁሚ» አለኝ። «ሳትመረመሪ መግባት የለም። እናታችን አቅም የላትም።»

«አንተስ?»

«እኔም እመረመራለሁ። ሕግ ለሁሉም ነው።»

«እየሳልክ አይደለም እንዴ?»

«የመንገድ አቧራ ነው።»

ከሚያውቀው ሰው ያገኛቸውን ሁለት ፈጣን መመርመሪያዎች ከቦርሳው አወጣ። የራሱን አስቀደመ። ጥጥ የተጠቀለለባትን ዘንግ አፍንጫው ጫፍ ላይ አስነክቶ «ታስነጥሰኛለች» ብሎ አወጣት። ፈሳሹን ጠብ ጠብ አደረገና ርጥበቱ ገና ወደ ላይ እየተሳበ ሳለ «አንድ መስመር ብቻ! ነጻ ነኝ» ብሎ ወረወራት። የኔ ተራ ሲደርስ ዘንጓ አንጎሌን የምትፈልግ ይመስል ገባች። እንባዬ ወረደ። የኔን ፕላስቲክ የድንጋይ አጥሩ ላይ፣ ፀሐይ ላይ አስቀመጣት። ወዲያው እናቴ ጠራችው፤ ገባ።

ደጅ ተቀመጥኩ። ያመጣሁላት ቅቤ በዘንቢሌ ውስጥ መቅለጥ ጀመረ። ፕላስቲኳን ደጋግሜ አየኋት፤ አንድ መስመር ናት። ውስጥ ምሳ ቀረበ፤ ጠላ ተቀዳ፤ የወንድሜ ሳቅና ሳል እየተፈራረቁ ይሰሙኛል።

«ማን ናት ደጅ ያለችው?» ትላለች እናቴ። «ግቢ እንጂ ልጄ!»

«ውጤት እየጠበቀች ነው፣ እማዬ።»

«የምን ውጤት? እሷ ትምህርት ከተወች ስንት ዘመኗ!»

ፀሐይዋ ዘንበል ካለች በኋላ እጁን እየጠራረገ ወጣ። ፕላስቲኳን አንስቶ ሐሰተኛ ብር እንደሚፈትሽ ሰው ወደ ብርሃን ገለባበጣት።

«ይኸው፣ ሁለተኛ መስመር። ተገኝቶብሻል።»

«የት አለች?»

«ደብዛዛ ናት። ግን አለች።»

«ቅድም አልነበረችም።»

«መነጽርሽን ቀይሪ፣ እታለም። መሣሪያው ነው የተናገረው።»

እናቴ ሰማች። «አንተ እየሳልክ እሷን ታመመች ትላለህ?» አለችው። ገብቶ አጠገቧ ቁጭ ብሎ እየሳለ አስረዳት። እኔ ቅቤውን ደጃፉ ላይ ትቼ ተመለስኩ።

ሰኞ ፍኖተ ሰላም ጤና ጣቢያ ሄጄ ደግሜ ተመረመርኩ። አንገቴን አስግጌ ላይ ስል መርማሪዋ በእጇ ከለለችብኝ። «እማማ፣ ሰዓቷ ሳይደርስ አትነበብም፤ ካለፈም አትነበብም። ዘግይቶ የሚወጣ መስመር አይቆጠርም» አለችኝ። በሰዓቷ ስትነበብ አንድ መስመር ሆነች። ለወንድሜ ደወልኩ። «የጤና ጣቢያ ዕቃ ታምኛለሽ?» አለኝ፤ በሳል መሃል።

ሳምንት ሳይሞላ እናቴን ትኩሳት ያዛት። ወንድሜም ባሕር ዳር ተኝቶ ነበር፤ የሱ ግን ጉንፋን ነው። ገብቼ አስታመምኳት፤ ያን ጊዜ መስመር የጠየቀኝ ሰው የለም። ትንፋሿ እስኪቆም እጇን ይዤ ነበር። ስለዚያ ሌላ አልጽፍም።

ለቅሶው ላይ ሴቶቹ ከኔ ራቅ ብለው ተቀመጡ። ወንድሜ ለጠየቀው ሁሉ «ምን ይደረግ፣ አሳቢ ናት፤ ሳታውቅ ይዛባት መጣች» ይል ነበር። እንዲህ ባለ ርኅራኄ የተከሰሰ ሰው መከላከያ የለውም።

በሽታው ከማን እንደመጣ አላውቅም። የጤና ጣቢያዋ አንድ መስመርም የእግዜር ምስክር አይደለችም። ጎረቤቱ ሁሉ እናቴን ሊጠይቅ ይገባ ይወጣ ነበር፤ ምናልባት ከነሱ ይሆናል። ይህችን «ምናልባት» ለወንድሜ እሰጠዋለሁ። ለኔ ግን የሰጠኝ የለም። የማውቀው እሱ የራሱን ቸኩሎ፣ የኔን ምሳውን በልቶ ማንበቡን ነው።

በተዝካሯ ዕለት የእናቴ የነፍስ አባት፣ ዘመድ በተሰበሰበበት፣ ሁለታችንን ፊት ለፊት አስቀመጡን። እኔ ነገሩን እንደሆነው ተናገርኩ። አባ ወደ ወንድሜ ዞሩ።

«የእኅትህን ከማየትህ በፊት ምን ያህል ቆየህ?»

«አባ፣ ይሄ እኮ የሳይንስ ጉዳይ ነው።»

«እሱማ ነው። ምን ያህል ቆየህ?»

«ምሳ ቀርቦ ነበር።»

አንዳንዱ ሰው አቀረቀረ። እኔም ፍርድ መጣ ብዬ ነጠላዬን አስተካከልኩ። ግን የተዝካሩ ወጥ እየቀዘቀዘ ነበር። «እንግዲህ ልጆቼ፣ የሞተችውን አናስነሳት። ይቅር ተባባሉ» አሉ አባ።

ወንድሜ ቀድሞኝ ተነሳ። ጉልበቴን ሊስም ነው ብዬ ስጠብቅ ትከሻዬን አቅፎ፣ ቤቱ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ፣ «ይቅር ብዬሻለሁ፣ እታለም» አለኝ። ቤቱ «አሜን!» አለ። አንዷ አክስቴ አለቀሰች። እኔም እናቴን በመግደል ከተከሰስኩበት በምሕረት ተለቅቄ፣ ለእንግዳ ጠላ ልቀዳ ተነሳሁ።