የተረፈው አሸዋ

የመጀመሪያው የሥራ ቀኔ ከለቡ መብራት ኃይል አለፍ ብሎ ባለ የአሸዋና የጠጠር ማከማቻ ግቢ ውስጥ ነበር። ድሮን ማብረርና ክምር መለካት የተማርኩት ስልኬ ላይ ቪዲዮ እያየሁ ነው። የቀጠረኝ የቅየሳ ድርጅት የበረራ ፈቃዱን አውጥቶ፣ "ሁለቱን ክምሮች ለክተህ ና" ብሎ ብቻዬን ላከኝ።

በር ላይ የተቀበሉኝ የንብረት ኃላፊዋ እትዬ ዘነበች ናቸው። ድሮኑን ከሳጥኑ ሳወጣ ጠጋ ብለው አዩት።

"ይቺ ናት እንግዲህ አሸዋ የምትመዝነው?"

አትመዝንም፣ ፎቶ ታነሳለች፤ ከፎቶዎቹ የክምሩን ቅርጽ አውጥቼ ስንት ሜትር ኩብ እንደሆነ አሰላለሁ አልኳቸው። ፎቶ ከሆነማ ብለው ሻሻቸውን ሊያስተካክሉ ገቡ።

መሬቱ ላይ በኖራ የመስቀል ምልክቶች አድርጌ የእያንዳንዱን ቦታ በጂፒኤስ ያዝኩ። የጠጠሩን ክምር ዙሪያውን በእግሬ ሄድኩ። ወደ አሸዋው ስሻገር ግን እትዬ ዘነበች ፊቴ ቆሙ። አሸዋው ንፋስ እንዳይበትነው በሰማያዊ ሸራ ተሸፍኗል። ከጀርባው ተናካሽ ውሻ ታስሯል አሉኝ፤ ባለፈው የሾፌሩን ሱሪ ቀዶታል። ሱሪዬ አዲስ ነበር። ተመለስኩና ሁለቱንም ክምሮች ከላይ ብቻ አብርሬ ፎቶ አነሳሁ።

በማግስቱ ውጤቱን ለግቢው ሥራ አስኪያጅ አቀረብኩ። ጠጠሩ እትዬ ዘነበች ገቢና ወጪ ከሚመዘግቡበት ካርድ ጋር ገጠመ። አሸዋው ግን ካርዱ ላይ ካለው በአንድ ሙሉ ቢያጆ በለጠ፤ አንድ ሲኖትራክ ጢም ብሎ የሚጭነውን ያህል።

መብለጡ ደስ ያሰኛቸዋል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ፊታቸው ጠቆረ። አሸዋ አይወልድም፤ እኛ ጋ የተረፈው ከደንበኛ መኪና ላይ የጎደለው ነው አሉ። እትዬ ዘነበችን አስጠርተው፣ አጉድለው ሲጭኑ ኖረው ከሆነ ከሥራ እንደሚሰናበቱ ነገሯቸው። መልስ የማያጡት እትዬ ዘነበች ያን ቀን ዝም አሉ። ሲወጡ እኔን ብቻ አዩኝ።

ስሌቱን ደጋግሜ አየሁት። ጠጠሩን በትክክል የለካ አሠራር አሸዋው ላይ ለምን ይሳሳታል? ሰው በእኔ ቁጥር እንጀራውን ሊያጣ ነውና፣ ድጋሚ ላብርር ብዬ ሥራ አስኪያጁን ለመንኩ። እሺ አሉ፤ ግን ቆሜ አያለሁ አሉ።

በዚህኛው በረራ ድሮኑን በክምሩ ጀርባ በኩል ዝቅ አደረግኩት። እየጮኸ ሸራው አጠገብ ሲደርስ፣ አሸዋው እምቧ አለ።

ሥራ አስኪያጁ ወደ ሸራው ጠጋ ብለው፣ "ምንድን ነው ያለው?" አሉ።

"እምቧ ነው ያለው፣ ኢንጂነር" አሉ እትዬ ዘነበች።

ነገሩ ወጣ። ሠራተኞቹ ለፋሲካ ቅርጫ አዋጥተው ሰንጋ ገዝተዋል። ግቢ ውስጥ ከብት ክልክል ስለሆነ፣ ዘበኛው ከአሸዋው ጀርባ እንጨት አቁሞ፣ ያንኑ ሸራ ስቦ አልብሶ እዚያ ያደልበዋል። ድሮኑ በረቱን ከክምሩ ጋር አንድ አድርጎ ለክቶታል። ውሻ የሚባል ነገር የለም።

ታዲያ ለምን ዝም አሉ ብዬ እትዬ ዘነበችን ጠየቅኳቸው።

"የዚህ ሁሉ ሰው ፋሲካ በእኔ አፍ ይበላሽ?"

ሥራ አስኪያጁ ሸራውን ገልጠው ገቡ። ተከትለን ስንገባ የሰንጋውን ሻኛ እየዳበሱ አገኘናቸው።

"ከብት ግቢዬ አይገባም ብያለሁ" አሉ፣ እጃቸውን ሳያነሱ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "የቅርጫው መደብ ሞልቷል?"

"ለእርስዎ አንድ አይጠፋም" አሉ እትዬ ዘነበች።

በረቱን ስቀንስ አሸዋው ከካርዱ ጋር ገጠመ። ሪፖርቱ ላይ "ከክምሩ ጋር የተያያዘ ጊዜያዊ ግንባታ ተቀንሷል" ብዬ ጻፍኩ፤ ሥራ አስኪያጁም ምንም ሳይጠይቁ ፈረሙ። እትዬ ዘነበች ሥራቸው ላይ ቆዩ።

በበዓሉ ዋዜማ ሥጋው ሲከፋፈል፣ ልክ የሚያውቅ ሰው ይምጣ ብለው ጠሩኝ። መደቡን ለማስተካከል ከአንዱ አንስቼ ሌላው ላይ ስጨምር፣ መልሼ ሳነሳ ብዙ ቆየሁ። በመጨረሻ እትዬ ዘነበች ቢላዋውን ከእጄ ወሰዱ።

"የኔ ልጅ፣ ሥጋ እኮ ነው። ተወው፣ ጾሙ ሊፈታ ነው።"

ከዚያ ወዲህ ብዙ ክምር ለክቻለሁ። ድሮን የሚያየው ላዩን ብቻ ነው። ስለዚህ ከማብረሬ በፊት ሸራውን አስነስቼ ክምሩን በእግሬ እዞራለሁ። ውሻ አለ ካሉኝ፣ ውሻውን አሳዩኝ እላለሁ።