ትልቋን ዶሮ የመረጠችው አልታዬ

የስድሳ ስድስቱ ረሃብ አልታዬን በሃያ ዓመቷ ባል አልባ አደረጋት። ባሏ በላይ ደሴ ከተማ፣ የረሃብተኞች መጠለያ ውስጥ ሞተ። እሷ ከተስቦ ተርፋ በእግሯ ወደ መካነ ሰላም ዳርቻ ስትመለስ የቤቷ ክዳን ተገፎ፣ ጓሮዋም ጎመን ተተክሎበት አገኘችው። ጎመኑ የባሏ ታላቅ ወንድም የአድማሴ ነበር። ነቅላ በአጥሩ ላይ አሻግራ አስረከበችው፤ ክዳኑንም ራሷ ሣር አጭዳ ከደነች። ሰው ስለዚያ ዘመን ሲያወራ የሚያነሳው ሹማምንቱን ነው። እኔ የምጽፈው ስለ አልታዬ ነው።

ብዙም ሳይቆይ አብዮቱ መጣ፤ መሬት ላራሹ ታወጀ። የገበሬ ማኅበሩ መሬት ሊደለድል ሲዘጋጅ አድማሴ የእሷን ድርሻ ከራሱ ጋር ለመደረብ ፈለገ። ወንድ የሌለበት ቤት ቤት አይባልም እያለ ሊቀ መንበሩን ካሳን ይወተውት ጀመር።

በዚያ ሰሞን ግብርና ጽሕፈት ቤት ለሴቶች የፈረንጅ ዶሮ ያድል ነበር። አንደኛዋ ነጭ፣ ቀጭን፣ እንቁላል የምታበዛ ናት። ሌላዋ ሮድ አይላንድ የሚሏት ቀይ፣ ግዙፍ፣ ለእንቁላልም ለሥጋም የምትሆን። ሴቶቹ ነጯን ተሻሙ። አልታዬ ከዚያ በፊት ዶሮ አርብታ አታውቅም። ቀዮቹን እያነሳች ደረታቸውን ዳሰሰች።

«ነጯን ያዢ» አላት አድማሴ ከኋላዋ ቆሞ። «ለሴት እንቁላል ይበቃል። የሥጋውን ማን ሊያርድልሽ ነው?»

ሴቶቹ ሳቁ። በአገራችን ሴት ዶሮ አታርድም፤ ወንድ ባርኮ ማረድ አለበት።

«ነጯን ጭልፊት ከሩቅ ያያታል፣ አንስቷትም ይሄዳል። ይቺን እስኪ ይሞክራት» አለች። «ደግሞስ እንቁላሉ ሲቆም ምን ልሸጥ፣ ላባዋን?»

ጥቂት ቄቦችና አንድ አውራ ይዛ ወጣች።

ቀላል አልሆነላትም። ቀዮቹ ሲበሉ አይጠግቡም። ጎረቤቷ ጀብሪል በአጥሩ እያየ «አልታዬ፣ ያሰርሽው ጥጃ ነው?» ይላታል። ደግሞ ይጥላሉ እንጂ አይታቀፉም። የጀብሪል ሚስት ሀጀራ የአበሻ ዶሮዋን አውሳት እንቁላሉን አሳቀፈች።

ቅዳም ሹር ላይ አድማሴ ቢላ ይዞ መጣ።

«አውራውን አምጪው፣ ልባርክልሽ። ከፋሲካ በኋላ ግን አንድ ቤት ነን። ለካሳም ነግሬዋለሁ።»

«እንግዲያው ቢላዎን ይመልሱት» አለችው።

አውራውን አቅፋ መንገድ ዳር ቆመች። አድማሴ አጥሩን ተደግፎ ያያታል። መጀመሪያ ያለፈው ጀብሪል ነበር።

«እኔ ብባርከው አንቺ አትበዪው። ካልበላሽው ደግሞ እኔው ልውሰደዋ» ብሎ እየሳቀ አለፈ።

ቀጥሎ የደረስኩት እኔ ነኝ። ከማሻ ተነስቼ ሥራ ፍለጋ ወደ መካነ ሰላም እየገባሁ ነበር።

«ወንድሜ፣ ክርስቲያን ነህ?»

«ነኝ።»

«ባርክልኝ።»

«አንተ መንገደኛ» አለ አድማሴ፣ «ያ ቤት ባለቤት አለው።»

«አለው፤ እኔ ነኝ» አለች ፊቷን ሳታዞር።

አውራው ከበግ ግልገል አይተናነስም። ክንፉን በእግሬ ረግጬ ባረክሁላት።

በበዓሉ ጎረቤቱን ሁሉ ጠራች፤ ካሳንም፣ አድማሴንም። አድማሴ «ሥጋው ይበዛል እንጂ ጣዕም የለውም» እያለ ሌላ ብልት አስጨመረ። በድልደላው ቀን ያንኑ የወንድ ነገር ሲያነሳ ካሳ አቋረጠው።

«ለመሆኑ ጾም የፈታነው ማን ቤት ነው?»

መሬቱ በአልታዬ ስም ተደለደለ። እኔም እዚያው ቀርቼ ጎረቤቷ ሆንኩ።

ሁለታችንም ካረጀን በኋላ፣ ነጯ ይበልጥ ትጥልልሽ እንደነበር ታውቂያለሽ ወይ ብዬ ጠየቅኋት።

«ትጥል ይሆናል» አለችኝ። «ሲድሩኝ ማንም አልጠየቀኝም። መጠለያ ሲያስገቡኝም ማንም አልጠየቀኝም። ያን ቀን ግን ይቺን ነው የምፈልገው አልኩ። ብሳሳትም ስሕተቱ የራሴ ነበር፤ እሱን ከማንም ጋር አልካፈልም።»