አባቴ በንባብ ክበቡ መካከል ስለ እናቱ የተናገረ ቀን

የንባብ ክበባችን የሚሰበሰበው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ዘነበወርቅ፣ ካቶሊክ መነኮሳት በሚያስተዳድሩት የትምህርት ማዕከል ውስጥ። ካቶሊኮቹ ጥቂት ናቸው። አብዛኞቻችን ኦርቶዶክሶች ነን፣ ሙስሊሞችም አሉን። የሚመሩን ከመነኮሳቱ አንዷ፣ ሸምገል ያሉ ሲስተር ናቸው። መጀመሪያ መጽሐፉ ልብህን ምን እንዳደረገው ተናገር፣ ሰው ሲናገር አታቋርጥ፤ ሕጋቸው ይኸው ነው።

አባቴን ወደዚያ የወሰድኩት እኔ ነኝ። ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነው። እናቴ ካረፈች በኋላ ቤቴል ያለው ቤታችን ሳሎን ውስጥ ቴሌቪዥን ከፍቶ፣ ሳያየው ይውል ነበር።

«በስተርጅና ካቶሊክ ልታደርጊኝ ነው?» አለኝ።

«መጽሐፍ ነው የሚያነቡት፣ አባዬ።»

መጣ። ብዙም ሳይቆይ ቅዳሜ ሲደርስ ቀድሞ ለብሶ የሚጠብቀኝ እሱ ሆነ።

የዚያን ሰሞን የያዝነው ልብ ወለድ ነበር። አንዲት እናት የሥጋ ደዌ ይይዛትና ከመንደር ትባረራለች። ልጇ ተምሮ ትልቅ ሰው ይሆናል፤ ለጠየቀው ሁሉ ግን «እናቴ ሞታለች» ይላል። ውይይቱን የጀመረችው ዓለም ባንክ ሰፈር የጨርቅ ሱቅ ያላት ሙስሊም ጓደኛችን ናት። ያመነችበትን ከመናገር ወደኋላ አትልም።

«ይኼ ሰው አይደለም» አለች። «አውሬ እንኳ እናቱን ያውቃል።»

ሁሉም ተስማማ። እኔም «እንዲህ ያለ ሰው ጎረቤቴ ቢሆን ሰላም አልለውም» አልኩ። አባቴ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር።

«መምህር፣ ዛሬ ድምፅዎ ጠፋብን» አሉት ሲስተር።

መነጽሩን አወለቀ። «ሰውየው እኔ ነኝ» አለ።

አንድ ሁለቱ ቀልድ መስሏቸው ፈገግ አሉ። እኔም መስሎኝ ነበር።

«እናቴ እዚህ ነበረች» አለ። «ከዚህ ግቢ ጀርባ፣ የሥጋ ደዌ ሕመምተኞች ሰፈር።»

እኔ የማውቀው አያቴ፣ አባቴ ሕፃን ሳለ ጎጃም ውስጥ መሞቷን ነው። «መልኳን እንኳ አላስታውሰውም» ይለን ነበር።

«ለሕክምና መጥታ እዚሁ ቀረች። አስተማሪ ሆኜ አዲስ አበባ ስመደብ፣ መጀመሪያ መጀመሪያ እሑድ እሑድ እየመጣሁ አያት ነበር፤ ሰው እንዳያየኝ በጓሮ በኩል። ሚስት ሳገባ ግን ሞታለች አልኩ። አንዴ ገድያታለሁ፣ ከየት ላምጣት?»

«እናትዎ እስከ መቼ ኖሩ?» ሲስተር በቀስታ ጠየቁት።

ሳያየኝ በእጁ ወደ እኔ አመለከተ። «ይቺ ስምንተኛ ክፍል እስክትደርስ።»

ወንበሩን በሁለት እጄ ያዝኩት።

«አንድ ጊዜ ይቺን ትምህርት ቤት ሳደርስ፣ መንገዳችን ላይ ያለ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። አየችኝ። ልጅቷንም አየች። ከዚያ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ዞር አለች። እንዳላፍርባት ብላ።»

የዚያን ዘመን ጠዋቶች አንድ በአንድ ፈተሽኳቸው። የአባቴን ትልቅ እጅ አገኘሁ፣ ጭቃውን፣ የታክሲውን ጩኸት። ፊቷን የምታዞር ሴት ግን የለችም።

«አውሬ» ያለችው ባለ ሱቋ ወደ እሱ ዞረች። «ስማቸው ማን ነበር?» አለችው።

ጠራው። ቤት ውስጥ «እናቴ» እንጂ በስሟ ጠርቷት አያውቅም ነበር። የአያቴን ስም ከባዕድ ሰዎች ጋር እኩል ሰማሁት።

ስንመለስ እሱ ታክሲው ውስጥ ከኋላ፣ እኔ ጋቢና ተቀመጥን። ለቀናት ምግቡን አቀርብለታለሁ እንጂ አላናግረውም። ያሳበደኝ ውሸቱ ብቻ አልነበረም። በዚያ መንገድ ስመላለስ ዓይኔን የነፈግኳቸው ምጽዋት ጠያቂ አሮጊቶች ሁሉ አሁን አያቴ ሆኑብኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሲስተር ደወሉልኝ። «የአያትሽ ጎረቤት የነበሩ እናት በሕይወት አሉ። ትመጣላችሁ?»

አባቴ «እኔን አትውሰጂኝ» አለ። ልወጣ ስል ግን ጫማውን እያሰረ ነበር።

ከግቢው ጀርባ ባለች ቤታቸው ያገኘናቸው እናት ጣቶቻቸው በበሽታው አልቀዋል። አገጬን በመዳፋቸው ደግፈው ወደ ብርሃኑ አዞሩኝ።

«እሷው ናት» አሉ።

«ያውቁኛል እንዴ?»

«እንዴት አላውቅሽ! አያትሽ ናት ያሳየችኝ። ትምህርት ቤታችሁ በዓል ሲኖር ከአጥሩ ውጭ ቆመን እናይሽ ነበር። ቀይ ሪባን ታደርጊ ነበር።»

አደርግ ነበር። እናቴ ናት የምታስርልኝ።

አባቴ፣ አያቴ አንድ ጊዜ ብቻ ያየችኝ ይመስለው ነበር። ደጃፉ ላይ እንደቆመ ግድግዳውን ተደገፈ። «ይህን አላውቅም ነበር» አለ፣ የሌላ ሰው በሚመስል ድምፅ።

«አንተ ምን ታውቅና» አሉት፣ ያለ ቁጣ። «በል ግባ፤ ብርድ አታስገባብኝ።»

ገባ። «ልጄ አስተማሪ ነው እያለች ስትኮራ ነው የኖረችው» አሉት። «አንድ ቀን በክፉ አላነሳችህም።» እርግማን ቢያሰሙት የሚቀለው ይመስለኛል። ፊቱን በባርኔጣው ሸፍኖ አለቀሰ፤ እኔ አልነካሁትም። ስንወጣ ግን ቦዩ ጋ ሲደናቀፍ ክንዱን ያዝኩት፣ ፌርማታው ድረስም አልለቀቅኩትም። ይቅርታ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም።

ወደ ክበቡ የተመለሰው ብዙ ቅዳሜዎች ካለፉ በኋላ ነው። ባለ ሱቋ ወንበሯን ጠጋ አድርጋ ቦታ ሰጠችው። የያዝነው ሌላ መጽሐፍ ነበር። ስለ መጽሐፉ ምንም አልተናገረም፤ ማንም እንዲናገር አልጠየቀውም።