እንከን ያወጣሁለት አገር

ሁለቱ የቅበላ ደብዳቤዎች በአንድ ሳምንት ውስጥ ስልኬ ላይ ሲገቡ፣ የከሚሴ ኔትወርክ እንኳ ለአንዴ አልከለከለኝም። አንዱ ከጀርመን፣ አንዱ ከማሌዥያ ነው። የሚያስተምሩት አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ ኳንቲታቲቭ ፋይናንስ ይሉታል፣ የገበያን ዋጋና ስጋት በሒሳብ መለካት። ሁለቱም መልስሽን በአሥራ አምስት ቀን አሳውቂን ይላሉ። እኔ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ የማስተምር፣ "መልሱ ብቻ አይበቃም፣ መንገዱን አሳዩ" እያልኩ ቀይ እስክሪብቶ ያለ ርኅራኄ የምመዝ ሰው ነኝ። የራሴ ተራ ሲደርስ መልሱም መንገዱም ጠፋኝ።

ደስታው የቆየው አንድ ቀን ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ቦታ መርጋት አቃተኝ። ክፍል ውስጥ ጠመኔ ይዤ ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት እመላለሳለሁ። ባጃጅ ስሳፈር የምወርድበትን አልፌ እሄዳለሁ። ቤት ስደርስ ደግሞ ሰንጠረዤን እከፍታለሁ።

ሰንጠረዡን የሠራሁት በኩራት ነበር። የትምህርቱ ጥራት፣ ወጪው፣ ቪዛው፣ አየሩ፣ ሥራ የማግኘት ዕድሉ፣ ከቤት ያለው ርቀት፤ ለእያንዳንዱ ነጥብ፣ ለነጥቡም ክብደት። ማሌዥያ ስታሸንፍ "ይሄ ክብደት ልክ አይደለም" ብዬ አስተካክላለሁ። ጀርመን ስታሸንፍ ደግሞ የቪዛውን ክብደት ከፍ አደርጋለሁ። ተማሪ እንዲህ ቢያጭበረብር ዜሮ ነበር የምሰጠው።

እናቴ ገና ደብዳቤዎቹ በመጡ ቀን ወስናለች። "አዛን የሚሰማበት አገር እያለልሽ ምን ያንከራትትሻል?" ትለኛለች፤ ማሌዥያን ማለቷ ነው።

አባቴ ሌላ ናቸው። ሰንበቴ ከተማ የከብት ገበያ ላይ የታወቁ ደላላ ናቸው፤ ከአፋር ቆላ የመጣውን ነጋዴና ከደጋ የወረደውን ገዢ፣ አንዱን በአንዱ ቋንቋ ሌላውን በሌላው እያግባቡ ያሻሽጣሉ። ምን ልማር እንደሆነ ሲጠይቁኝ "ነገ የሚሆነውን ዋጋ ዛሬ መገመት ነው አባ" ብላቸው፣ "እኔ ታዲያ ዕድሜዬን ሙሉ ምን ስሠራ ነበር?" ብለው ስቀውብኛል።

ስለ ጀርመን ሳወራቸው "ማሻአላህ፣ ጥሩ አገር ነው፤ ማሽኑ ሁሉ ከዚያ ነው የሚመጣው" ይላሉ። ስለ ማሌዥያ ሳወራቸው "ማሻአላህ፣ እሱም ጥሩ አገር ነው፤ ሙስሊሙ ብዙ ነው" ይላሉ። በቃ፣ አይጨምሩ አይቀንሱ። ይሄ ነገራቸው ያበሽቀኝ ነበር። ለበሬ ሁሉ ፍርድ የሚሰጡ ሰው ለልጃቸው ሲሆን ምላሳቸው የሚታሰረው ለምንድን ነው እያልኩ ከራሴ ጋር እጣላ ነበር።

ቀነ ገደቡ ሦስት ቀን ሲቀረው "ነይ፣ ሰንበቴ አብረን እንውረድ፤ ቤት ውስጥ ስትሽከረከሪ እኔንም አዞርሽኝ" አሉኝ። ሚኒባሱ ጨፋ ሮቢትን እስኪያልፍ አፌ አላረፈም። የጀርመን ቪዛ ወራት ያስጠብቃል፤ ብርዱ አይቻልም፤ የመጀመሪያው መንፈቅ ትምህርት ብቻውን ሰው ይጥላል፤ ቋንቋቸው ጉሮሮ ይልጣል። አባቴ በመስኮቱ የጨፋን ሜዳ እያዩ "እህ" ይላሉ።

"ማሌዥያስ?" አሉኝ።

"ማሌዥያማ ጥሩ ነው፣ ምንም አይልም" አልኳቸውና ወደ ጀርመን ብርድ ተመለስኩ።

ገበያው ላይ አባቴ የሚያሻሽጧቸው ሁለት ሰንጋዎች ጎን ለጎን ታስረው ነበር፤ አንዱ ዳልቻ፣ አንዱ ቀይ። ከደጋ የመጣ አንድ ገዢ ዳልቻውን አየት አድርጎ "ይሄማ ግሩም ሰንጋ ነው፣ ይባርክላችሁ" አለ። ከዚያ ወደ ቀዩ ዞረ። ቀንዱ ተንጋዷል፤ ሻኛው ሳስቷል፤ የኋላ እግሩን ይጎትታል፤ ዐይኑም ክፉ ነው አለ። ሄደ። ተመለሰና ጥርሱን ገልጦ "አርጅቷል" አለ። ደግሞ ሄደ።

"ዳልቻውን ይገዛል" አልኳቸው ለአባቴ በሙሉ ልብ። ለአንዱ በጎውን ብቻ፣ ለሌላው መጥፎውን ብቻ ቆጥሯል፤ ስሌቱ ግልጽ ነበር።

"ቀዩን ነው የሚገዛው" አሉ፣ ሰውየውን ቀና ብለው እንኳ ሳያዩት።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሰውየው የቀዩን ገመድ ይዞ ሄደ።

አባቴ ሳቁብኝ። ልጄ ሲሉኝ ሁልጊዜ በኦሮምኛ ነው። "ኢንታላ ኮ፣ ሊገዛ የፈለገ ሰው ቤቱ ሊያስገባው ነውና ይፈራል፤ እንከን እንከኑን ያያል። ያልፈለገውን ግን ማሻአላህ ይልና ያልፋል፣ ምን ቸገረው?" ከዚያ ዱላቸውን ተደግፈው ወደ እኔ ዘወር አሉ። "አንቺስ ይሄን ሁሉ ቀን ማንን ስታሚ ነው የከረምሽው?"

ፊቴ ጋለ። ጀርመንን እፈልግ ነበር። በጣም ነው የፈለግሁት፤ የፈራሁትም ለዚያው ነው። ያን ያህል ቁጥር ደርድሬ ያላየሁትን አባቴ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጠው አይተውታል።

በማግስቱ በዕረፍት ሰዓት፣ የትምህርት ቤቱ አጥር ጥግ ኔትወርክ ጠንከር የሚልበት ቦታ ቆሜ፣ ለጀርመኖቹ እመጣለሁ ብዬ ጻፍኩ። ከሰዓት በኋላ ቤት ስገባ አባቴ ለዐስር ሶላት ውዱእ እያደረጉ ነው።

"አባ፣ ጀርመንን መረጥኩ።"

የውሃውን ጆግ መሬት አስቀመጡ። "ማሻአላህ" አሉ። "ጥሩ አገር ነው።" ወደ ሶላታቸው ገቡ።

እኔ በረንዳው ላይ ቀረሁ። ጀርመንም ጥሩ አገር፣ ማሌዥያም ጥሩ አገር። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለአንዳቸውም አንድ እንከን አላወጡም። አባቴ ሁለቱንም አሞግሰው አልፈዋል። የፈለጉት እኔ ከሚሴ እንድቀር ነበር። ያን በሆዳቸው ይዘው ነው የእኔን ልብ አንብበው ያሳዩኝ። ሶላታቸውን ሲጨርሱ ልጠይቃቸው አስቤ ነበር፤ ግን ጆጉን አንሥቼ ወደ ጓዳ ገባሁ።

የቪዛ ቀጠሮ ስጠብቅ የነበሩት ወራት ከዚያ አሥራ አምስት ቀን የባሱ ነበሩ። ጀርመን በተነሣ ቁጥር አባቴ "ማሻአላህ" ይሉና ወደ ሥራቸው ይሄዳሉ። በልጅነቴ የምወደውን ቃል መፍራት ጀመርኩ። አንዳንዴ ሁሉንም ትቼው ልቅር ብዬ እነሣና፣ ወዲያው ደግሞ ሰነዶቼን አውጥቼ እደረድራለሁ።

ቀጠሮው ደርሶ ወደ አዲስ አበባ የምሄድ ዕለት ጠዋት፣ ሰነዶቼ ያሉበትን ቦርሳ እኔ ካልያዝኩ ብለው አባቴ እስከ መናኸሪያው ሸኙኝ። መንገዱን አጋመስን።

"ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል አሉ" አሉኝ ድንገት።

"ማን ነው ያለው አባ?"

"ጠይቄ ነዋ! በብርዱ ወራት ደግሞ ፀሐይ በአሥር ሰዓት ትጠልቃለች አሉ። ይሄ ምን የሚሉት አገር ነው? ሰዉም ጎረቤቱን ሰላም አይልም። ሥጋውንስ ማን እንዳረደው በምን ታውቂያለሽ? ዳቧቸውም ድንጋይ ነው አሉ።"

ቆም ብዬ አየኋቸው። ቀንዱን፣ ሻኛውን፣ እግሩን፣ ጥርሱን፤ አንድ አልቀራቸውም። ልጃቸውን ሊያስገቡበት ስለሆነ ፈርተው ነበር።

"እሺ አባ" አልኳቸው። እየሳቅሁ እንባዬ ይወርድ ነበር።

ቦርሳዬን በሚኒባሱ መስኮት አቀበሉኝና "ወፍራም ጫማ ሳትገዢ እንዳትሄጂ፤ መንገዱ በበረዶ ያንሸራትታል አሉ" አሉኝ። ሚኒባሱ ሲነሣም እጃቸውን መስኮቱ ላይ አድርገው ጥቂት አብረውኝ ተራመዱ፤ "ደግሞ ባቡራቸው..." ሲሉ ሰማሁ፤ የቀረውን የሞተሩ ድምፅ ወሰደው።