በዳንቴሉ ሥር የቀረው ቀይ

በስደት አገር፣ ዲፕስሉት በሚባል ሰፈር ያለው ስፓዛዬ፣ ትንሹ የሰፈር ሱቄ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ሲዘረፍ በቃኝ አልኩ። ሱቁን ቆልፌ ጀርሚስተን ከተማ አንዲት ክፍል ተከራየሁና ወደ ጥንቱ ሙያዬ፣ ወደ አናጢነት ተመለስኩ። ስፓዛውን የሚገዛ ሰው ነበር፤ ባለቤቴ ግን እንጨቱ እንጀራ እስኪሆን ብላ ቁልፉን ያዘች።

የመጀመሪያዋ ደንበኛዬ የአገራችን ሰው፣ ሐኪም ናቸው። የሳሎን ጠረጴዛ አዘዙኝ። ከወደዱት የክሊኒካቸውን ዕቃ በሙሉ ሊያሠሩኝ ነው፤ ካልወደዱት እኔም ወደ ዲፕስሉት ልመለስ ነው።

ፓዱክ ከሚሉት እንጨት ሠራሁት። ሲላግ እንደ በርበሬ ይቀላል፤ ዘይት ሲጠጣማ አይጣል ነው! ይህ ቅላት ብርሃን ባገኘው ቁጥር ወደ ቡናማ ይሄዳል። ቫርኒሽ ቢያዘገየው እንጂ አያስቀረውም። ይህን እያወቅኩ፣ ሐኪሟ በቀለሙ ሲደሰቱ ሳይ ዝም አልኩ።

ክሊኒካቸው ገና አልተከፈተም ነበርና ትዕዛዙን እየጠበቅኩ ሳለ በዓመቱ ደወሉ። ቀለም ቀብተህ ነው የሸጥክልኝ፣ ይኸው ለቀቀ አሉኝ። እኔ ደግሞ ንዴቴ ቅርብ ነው። እንጨት ቀባህ መባል ለእኔ ስድብ ነው። ብርጭቆ ወረቀቴን ይዤ እየተንጨረጨርኩ ሄድኩ።

እውነትም ጠረጴዛው ቡናማ ሆኗል። መሃሉ ላይ፣ እንደ ሁላችንም ቤት፣ ነጭ ዳንቴል ተዘርግቷል። እኛ መቼም ሳናለብስ የምንተወው ዕቃ የለም፤ ቴሌቪዥኑም ለብሷል። ዳንቴሉን ብድግ ሳደርገው ሁለታችንም ጎንበስ ብለን አየን። ክሩ የሸፈነው እንጨት ቀይ እንደሆነ ቀርቷል። አበባው፣ ቅጠሉ፣ የጠርዙ ጥርስ ሳይቀር ጠረጴዛው ላይ ወጥቷል።

አለመቀባቴ ታየልኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ አፈርኩ።

"ዶክተር፣ እንደሚጠቁር አውቅ ነበር። ሥራው እንዳያመልጠኝ ብዬ ደበቅኩዎት።"

ጣታቸውን በቀዩ አበባ ላይ እያስኬዱ፣ ዳንቴሉን እናታቸው ሊጠይቋቸው መጥተው እንደሠሩት፣ ከዚያ በኋላም ብዙ ሳይቆዩ እንዳረፉ ነገሩኝ። ፍቄ አዲስ ላደርገው ብርጭቆ ወረቀቱን ሳወጣ እጄን ያዙኝ። ይህም አበባ ብርሃን ሲያገኘው ቀስ በቀስ እንደሚጠፋ ነገርኳቸው። ዳግመኛ መደበቅ አልሆነልኝም።

"ተወው፣ እስኪጠፋ ልየው" አሉኝ። "የክሊኒኩን ስትሠራ ግን ምን እንደሚሆን አስቀድመህ ንገረኝ።"

ደጃፋቸው ላይ ቆሜ ለባለቤቴ ደወልኩና የስፓዛውን ቁልፍ ሊገዛን ለሚጠብቀው ሰውዬ ስጪው አልኳት።