የወንድማቸው ብስክሌት

ዛሬ ጠዋት እዚህ አሜሪካ፣ ሂልቶፕ በሚባለው ሰፈር ውስጥ አንድ ሰውዬ መንገድ ዳር የተጣለ የዛገ ብስክሌት አንስቶ ብረታ ብረት በሞላው ፒክአፕ ላይ ሲወረውር አየሁ። ኳኳታው እትዬ ሩትን አስታወሰኝ።

እትዬ ሩት አሜሪካዊት ጎረቤታችን ነበሩ። “እትዬ” ያለቻቸው እናቴ ናት። እሷ ከዌርሃውስ ሥራዋ እስክትመለስ ከትምህርት ቤት በኋላ እሳቸው ይጠብቁኝ ነበር።

አንድ ቀን በረንዳቸው ላይ አተር እየፈለፈልን ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት አወሩኝ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳሉ ትምህርት ቤታቸው ለጦሩ የሚሆን ብረት አምጡ አለ። እሳቸውም ባሕር ማዶ የዘመተውን ወንድማቸውን ብስክሌት እየገፉ ወስደው ሰጡ። መምህርቷ በክፍሉ ፊት አስጨበጨበችላቸው። በሳምንቱ ከወንድማቸው ደብዳቤ መጣ፤ “ስመለስ በብስክሌቴ መንዳት አለማምድሻለሁ” ይላል።

“ተመለሰ?” አልኳቸው።

“ተመለሰ። ብስክሌቱ ይቆም የነበረበትን ጋራዥ ከፍቶ ገባና ብዙ ቆየ። ከዚያ ወጥቶ እራት ደርሷል ወይ አለ። እስኪሞት ድረስ ስለ ብስክሌቱ አንድም ቀን አልጠየቀኝም።”

“አልተቆጣማ!”

እጃቸው አተሩ ላይ ቆመ። “ተቆጥቶኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር” አሉ።

እኔ አተሬን መፈልፈል ቀጠልኩ። እሳቸው ካለፉ፣ እኔም ልጆች ካሳደግኩ በኋላ፣ ዛሬ ጠዋት ያ ፒክአፕ ጥግ እስኪታጠፍ ቆሜ አየሁት።