እስከ በሩ ድረስ

ታላቅ ወንድሜን «ጋሼ» ነበር የምለው፤ በሃያ ዓመት ስለሚበልጠኝ ያሳደገኝ እሱ ነው። ሐኪም ስኳር አለብህ ካለው ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ከካዛንቺስ ቤታችን ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ድረስ በእግሩ ሄዶ፣ ደጁን ተሳልሞ ይመለስ ነበር።

አንድ የሁዳዴ ጠዋት ከብርድ ልብሴ ሳልወጣ፣ «በጾም ደግሞ የምን ስፖርት ነው፣ ጋሼ?» አልኩት።

«ሰውነት የእግዜር አደራ ነው። ጾም ነው ተብሎ አደራ ይጣላል እንዴ? ተነስ፣ አንተ ሰነፍ! ካቃተህ እስከ በሩ ሂድ። ብቻ አታቋርጥ።»

እኔ ተመልሼ ተኛሁ።

በኋላ ኩላሊቱ ሲደክም መንገዱ አጠረ። በመጨረሻው ሳምንት ክንዱን ይዤው እስከ ግቢያችን በር ብቻ እንሄድ ነበር። የበሩን ብረት ይደገፍና ፊቱን ወደ ቂርቆስ አዙሮ ያማትባል። «በቃ፣ ለዛሬ ደርሰናል» ይለኛል።

አርባው በወጣ ማግስት ጠዋት ማንም አልቀሰቀሰኝም። የእሱን ስኒከር አደረግሁ፤ ስለሚሰፋኝ ካልሲ ደረብኩ። ቂርቆስ ለመድረስ ነበር ያሰብኩት። እሱ ይደገፍበት የነበረው ብረት ጋ ስደርስ ግን እግሬ አልሄድ አለኝ። እዚያው ቆሜ አማተብኩ።

ጋሼ፣ ዛሬ እስከ በሩ ሄጃለሁ። ነገም እነሳለሁ።